«በሞቴ ጠጣ» ስለ ማለት

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፤ ስለ መጠጥ የሚጻፍ ምክር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በሰካራሙ ሰው ነው። በመንገድ ዳር የወደቀውን፥ የወር ደመወዙን በአንድ ሌሊት የጨረሰውን፥ ቤቱን የበተነውን ሰው ያሳዩንና «እንደዚህ እንዳትሆኑ» ይሉናል። ይህ ምክር እውነት ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን እኔ ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ስለ ጠጪው ሳይሆን ስለ ጋባዡ ነው። በሕይወቴ የሠራሁት ከባድ ጥፋት የመጠጣት ሳይሆን የማጠጣት ጥፋት ስለ ሆነ፥ ይህን ነገር እኔ ብጽፈው ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

የተወለድሁት በአርሲ ደጋ፥ ከጭላሎ ተራራ ብዙ በማይርቅ የገጠር መንደር ነው። አባቴ በልጅነቴ ስለ ሞተ፥ እናቴ አራት ልጆችዋን ያሳደገችው ጠላ እየጠመቀች በመሸጥ ነበረ። ገብሱን ስትዘፈዝፍና በቅጠል ሸፍና እስኪበቅል ስትጠብቅ፥ ብቅሉን ስታሰጣ፥ ጌሾውን ስትወቅጥ፥ ጋኑን በወይራ ስታጥን፥ ጥንስሱን ስትጥል፥ አሻሮውን ቆልታ እንኩሮውን ስታዘጋጅ አጠገብዋ ቆሜ አይ ነበር። በደጃችን አንድ ረዥም እንጨት ተተክሎ በጫፉ ላይ ጣሳ ይደፋበታል፤ መንገደኛ ይህን ምልክት ሲያይ ጠላ መኖሩን ያውቃል። የመጀመሪያው ደብተሬና የመጀመሪያው እርሳሴ የተገዙት በዚያ ጣሳ ነው። ስለዚህ ማናቸውንም የሚጠጣ ነገር በጅምላ ልራገም ብል ምላሴ አይታዘዘኝም።

በአቅራቢያችን የነበረው ትምህርት ቤት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበረ። እናቴ የሰፈሩ ሰው እየከለከላት «ፊደል ከየትም ቢመጣ ፊደል ነው» ብላ አስገባችኝ። በዚያ ትምህርት ቤት ንጽሕናን፥ ሰዓት ማክበርን፥ የሰውን ገንዘብ አለመንካትን ተማርሁ። እንደዚሁም የሚያሰክር መጠጥ በአፋችን እንዳናስገባ ቃል እንገባ ነበር። እኔም ቃል ገባሁ። ቃሉን በገባሁበት ዕለት የለበስሁት ቁምጣ በጠላ ገንዘብ የተገዛ መሆኑን ግን አላሰብሁም።

አንድ ቅዳሜ ወደ ቤት በተመለስሁ ጊዜ፥ ከእናቴ ደንበኞች አንዱ፥ እንደ አባቴ የማየው ሽማግሌ፥ ዋንጫውን ዘርግቶ «እንካ ልጄ፥ ጉሮሮህን አርጥብበት» አለኝ። እኔም አፍንጫዬን ይዤ «ይህ የሰይጣን መጠጥ ነው» ብዬ መለስሁለት። ቤቱ ጸጥ አለ። እናቴ በዚያ ሰዓት ምንም አልተናገረችም። ማታ ሰዉ ከሄደ በኋላ ግን «ልጄ፥ አልጠጣም ማለትህ ያስከብርሃል፤ የእናትህን እንጀራ መስደብን ግን ከየትኛው መጽሐፍ ተማርኸው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አንድ ሰው መልካም ነገር ይዞ ክፉ ሊሆንበት እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቅሁት ያን ማታ ነው።

ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቄ በ1972 ዓ.ም. ሮቤ ተመደብሁ። ይህች ሮቤ የአርሲዋ ናት እንጂ የባሌዋ አይደለችም። በኦሮምኛ ረቡዕን «ሮቢ» ስለሚሉት፥ የከተማዋ ስም የሳምንቱን ቀን ያስታውሳል። ዙሪያዋ የስንዴና የገብስ ማሳ ነው፤ ብርዱ ኃይለኛ ነው፤ ሕዝቡ እንግዳ ወዳድ ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ሰፈር ይኖራል፤ በአንድ ገበያ ይገበያያል፤ በለቅሶና በሠርግ ይፈላለጋል።

እኔ ግን በዚህ እንግዳ ወዳድ ሕዝብ መካከል ብቸኛ ሆንሁ። በገበያ ቀን ባልደረቦቼ ከሥራ በኋላ ወደ ጠላ ቤት ወይም ወደ ጠጅ ቤት ሲያመሩ «አልጠጣም» ስል ይስቁብኛል። አንዳንዱ «ኩሩ ነው» ይላል፤ ሌላው «ምሥጢር ሊሰማ የመጣ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው «ጴንጤ ነው» ይላል። በዚያ ዘመን «ጴንጤ» መባል የሚያስቅ ነገር አልነበረም፤ ሰውን ሊያሳስር የሚችል ስም ነበረ። ሁለት ዓመት ያህል ታገልሁ፤ በሦስተኛው ዓመት ጠጣሁ። መጠጡን ስለ ወደድሁት ሳይሆን ሰዎቹን ስለ ወደድኋቸውና ስለ ፈራኋቸው ነው።

ሰካራም አልሆንሁም። ይልቁንም ከመጠጣት የበለጠ የተካንሁት በማጠጣት ነው። ማስገደድን የመሰለ የፍቅር መግለጫ የሌለ እስኪመስለኝ ድረስ «በሞቴ» ማለትን እንደ ሙያ ያዝሁት። ብርሌው ሳይጎድል መሙላት፥ እንግዳው እጁን በብርሌው አፍ ላይ ሲጭን እጁን ቀስ አድርጎ ማንሣት፥ «አባትህን እንዳከበርህ አክብረኝ» ማለት፥ እነዚህን ሁሉ ተማርኋቸው። ሰዎችም «እንዴት ያለ ደግ ጋባዥ ነው!» ይሉኝ ነበር።

አሁን እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን፥ ይህ የማስገደድ ልማድ ከየት እንደ መጣ እንመርምር። ልማዱ ከክፋት የመጣ አይደለም። በአገራችን ጨዋ እንግዳ የቀረበለትን ነገር ወዲያው አይቀበልም። ተርቦ እያለ «በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል፤ ጠምቶት እያለ «አልጠማኝም» ይላል። ይሉኝታ ይይዘዋል፤ የባለቤቱም ጓዳ ባዶ እንደ ሆነ እንዳያሳፍረው ይጠነቀቃል። ባለቤቱም ይህን ስለሚያውቅ የመጀመሪያውን «አይሆንም» እንደ መልስ አይቆጥረውም። ደግሞ ይለምናል፤ ሦስተኛ ሲለምን እንግዳው ይበላል። እንደዚህ ሆኖ የተራበው ሳይዋረድ ይጠግባል። እውነቱን ለመናገር ይህ በጣም ያማረ ሥርዓት ነው።

ነገር ግን ለእንጀራ የተሠራውን ሥርዓት ለመጠጥ በተጠቀምንበት ጊዜ ወጥመድ ይሆናል። ምክንያቱም በዚህ ሥርዓት ስንኖር ጆሮአችን «አይሆንም» የሚለውን ቃል መስማት ትቶአል። ሰው እውነተኛ እንቢታ ሲናገር የይሉኝታ እንቢታ ይመስለናል። እንጀራ ተገዶ የበላ ሰው ቢበዛ ሆዱ ይነፋል፤ መጠጥ ተገዶ የጠጣ ሰው ግን ምን እንደሚደርስበት አስገዳጁ አያውቅም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

በትምህርት ቤታችን አንድ የሒሳብ መምህር ነበረ። ስሙን አልጽፍም፤ ልጆቹ በሕይወት አሉ። ጥቁር ሰሌዳ ፊት ሲቆም የክፍሉ ደካማ ተማሪ ሳይቀር ቀና ብሎ ይሰማው ነበር። ዳሩ ግን መጠጥ ያዘው። መጀመሪያ የገበያ ቀን ብቻ፥ ቀጥሎ የሳምንቱ መጨረሻ፥ በኋላም በየማታው ሆነ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ክፋትም በእግሩ ይሄዳል። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ ሚስቱም ልጆችዋን ይዛ ወደ ወላጆችዋ ሄደች። ከዚህ በኋላ አንድ ቀን፥ ማንም ሳይመክረው፥ ተወው። ጠበል አልገባም፤ ለሐኪም አልነገረም፤ ሃይማኖቱንም አልለወጠም፤ ዝም ብሎ ወሰነና ተወው። አንድ ዓመት ከሁለት ወር አንዲት ጠብታ አልቀመሰም። ሚስቱም ተመለሰች።

በዚያ ጊዜ አንድ ማታ ከእኔ ጋር ወደ ቤት ስንሄድ እንዲህ አለኝ፦ «ጠላቶቼን አልፈራም፤ ጠላት መጠጥ አይጋብዝም። የምፈራው የሚወዱኝን ሰዎች ነው።» እኔም «አይዞህ፥ እኛ አለንልህ» አልሁት። ይህን ቃሌን ልብ በሉልኝ።

በ1981 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ልጄ ተወልዳ በ80 ቀንዋ ክርስትና ተነሣች። ዳስ ጥለን፥ በሬ አርደን፥ ጠላውና ጠጁ ተትረፍርፎ ሰፈሩን ጠራን። እንደ አገሩ ሥርዓት ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን በዳሱ ማዶ ለብቻ ቦታ ተዘጋጅቶ ነበር፤ በራሳቸው ሰው እጅ የታረደ በግ፥ ቀሪቦ፥ ሻይና ቡና ቀረበላቸው። እኔም ወደ እነርሱ ሄጄ «ተጫወቱ» ከማለት በቀር ብርሌ ይዤ አልተጠጋሁም። ከመካከላቸው አንዱን «በሞቴ ጠጅ ቅመስ» ማለት እንደ ነውር፥ እንዲያውም እንደ ጠብ የሚቆጠር ነበረ።

ያ ባልደረባዬ መጣ፤ ለሕፃንዋ ስጦታ ይዞ መጣ። ወደ መምህራኑ ወገን ሳይሄድ ቀጥ ብሎ ሄዶ ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን መካከል ተቀመጠ። ቀሪቦውን በእጁ ይዞ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ሲሥቅ ከሩቅ አየሁት። ያን ቦታ ለምን እንደ መረጠ ዛሬ ሕፃን ልጅ እንኳ ሊገባው ይችላል። በከተማው ሁሉ ማንም የማያስገድደው እዚያ ብቻ ስለ ነበረ ነው። ለእኔ ግን አልገባኝም። ሞቅ ብሎኝ ነበር። ሄጄ እጁን ያዝሁና «ምነው፥ በልጄ ክርስትና እንደ ባዕድ ትርቀኛለህ?» ብዬ አስነሣሁት። ሽማግሌው «ተወው፥ ደኅና ተቀምጦአል» አሉኝ፤ አልሰማኋቸውም። እየጎተትሁ ወስጄ ከባልደረቦቻችን መካከል አስቀመጥሁት።

ብርሌ ቀረበ። እርሱ መዳፉን በብርሌው አፍ ላይ ጫነ። «በሞቴ!» አልሁ። ራሱን ነቀነቀ። «በሞቴ፥ ስለ ልጄ ዕድገት፥ አንዲት ብርሌ ብቻ!» አልሁ። የተቀመጡት ሁሉ «እረ ጠጣ! እረ አታሳፍረው!» ብለው ጮኹ። ሦስተኛ ጊዜ ስለምነው ቀና ብሎ አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ አንድ ሰው መንገድ ሲጠፋበት የሚያየውን አስተያየት ነው ያየኝ። ከዚያ በኋላ እጁን ከብርሌው ላይ አነሣ። በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። እኛም አጨበጨብን። ሁለተኛውን ማንም አላስገደደውም፤ ራሱ ጠየቀ።

ሰኞ ከክፍሉ ቀረ። ማክሰኞም ቀረ። የትምህርቱ ዘመን ሳያልቅ ሥራውን ለቀቀ፤ ሚስቱም ዳግመኛ ሄደች፥ አልተመለሰችም። ቤቱ ድረስ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ሦስት ጊዜ በሩ ተዘግቶ አግኝቻለሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ በአሰላ አውቶቡስ ተራ ድንገት ተገናኘን። ከስቶ ጠቁሮ ነበር። ሻይ ቤት ገብተን ተቀመጥንና ይቅርታ ጠየቅሁት። «ጥፋቱ ያንተ አይደለም፤ የጠጣሁት በገዛ አፌ ነው» አለኝ። ሻዩን ጥቂት አማሰለና «ግን ያን ቀን ከተቀመጥሁበት ባታስነሣኝ ደስ ባለኝ ነበር» አለ። ሌላ አልተነጋገርንም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተ፤ ቀብሩ ላይ ነበርሁ።

እኔ ገደልሁት አልልም። የሰውን ሞት ሁሉ በራስ ላይ መጫንም አንድ ዓይነት ትዕቢት ነው። የሱስን ነገር የሚያውቁ ሐኪሞች እንደሚነግሩን፥ የመጠጥ ሱስ የጠባይ ብልሹነት ብቻ ሳይሆን በሽታ ነው፤ ከእርሱ የተላቀቀም ሰው ከብዙ ጊዜ በኋላ እንኳ ሊያገረሽበት ይችላል። በአሜሪካ አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1935 የመጠጥ ሱስ የያዛቸው ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚረዳዱበት ማኅበር ተመሥርቶ ዛሬ በብዙ አገር ተስፋፍቶአል። ከዚህ ማኅበር ትምህርት አንዱ፥ እንደነዚህ ላሉ ሰዎች አደጋው ዐሥረኛው ብርጭቆ ሳይሆን የመጀመሪያው መሆኑ ነው። እኔ ያቀረብሁለት ያንን የመጀመሪያውን ነው። በሩን እርሱ ዘግቶት ነበር፤ የከፈትሁት እኔ ነኝ። ይህን ያህል መናገር እውነት ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ የማስበው አንድ ነገር አለ። በዚያ ዳስ ውስጥ ሁለት ዓይነት የማይጠጡ ሰዎች ነበሩ። የሙስሊም ጎረቤቶቻችንን እንቢታ አከበርን፤ የባልደረባዬን እንቢታ ግን ሰበርን። ልዩነቱ ምንድን ነው? የእነርሱ እንቢታ ስም አለው፤ ሃይማኖት ይባላል። የእርሱ እንቢታ ስም አልነበረውም፤ የአንድ ሰው ውሳኔ ብቻ ነበረ። እኛም የሃይማኖትን ትእዛዝ፥ የሐኪምን ትእዛዝ፥ የጾምን ትእዛዝ እናከብራለን፤ አንድ ሰው ብቻውን ሆኖ ለራሱ የሰጠውን ትእዛዝ ግን እንደ ቀልድ እንቆጥረዋለን።

ከዚህም የተነሣ ሰዉ መዋሸት ለመደ። መጠጥ የማይፈልግ ሰው «ጨጓራዬን አሞኝ ነው»፥ «መድኃኒት ጀምሬአለሁ»፥ «ስእለት አለብኝ» ይላል። የማይዋሸው ደግሞ እንደ እኔ በሦስተኛው ዓመት ይሸነፋል። ደግነታችን ጨዋውን ሰው ውሸታም የሚያደርገው ከሆነ፥ ደግነት መባሉን እንደ ገና ልንመረምረው ይገባል።

ዛሬ ጊዜው ተለውጦአል። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ የተመሠረተው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1922 ቢሆንም፥ በእኔ ልጅነት ጠርሙስ ቢራ በገጠር ቤት የሚታይ ነገር አልነበረም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በአሰላ የብቅል ፋብሪካ ተቋቋመ፤ እናቴ በቅጠል ሸፍና ታበቅለው የነበረው የአርሲ ገብስ በፋብሪካ እየበቀለ ለቢራ ጠማቂዎች መላክ ጀመረ። ገበሬው በዚህ ተጠቅሞአል፤ ይህ የሚካድ አይደለም። ነገር ግን ጠርሙሱ በየመንደሩ ገባ። ቀጥሎም ቢራ የማይወድስበት የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሰዓት የማይገኝበት ዘመን መጣ፤ ወጣትነት፥ ጀግንነት፥ አገር መውደድ ሳይቀር ከጠርሙስ ጋር እየተያያዘ ይነገር ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ፥ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላውም ሰው እንዳይሸጥ ከለከለ።

የሳይንስም ቃል ተለውጦአል። ቀድሞ «ጥቂት መጠጥ ለጤና ይበጃል» የሚሉ ብዙ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጥር 2023 ለጤና ፍጹም የማያሰጋ የአልኮል መጠን የለም ሲል ገለጠ። ይኸው ድርጅት በ2019 በዓለም ላይ 2 ሚሊዮን 600 ሺህ ያህል ሰዎች በአልኮል ምክንያት እንደ ሞቱ ይገምታል። አልኮል ካንሰርን ከሚያመጡ ነገሮች መካከል የተመዘገበው ደግሞ ገና በ1988 ነው።

በእኛም አገር በደጋው ሌላ ነገር ታየ። ከአሰላና ከበቆጂ አካባቢ እነ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፥ እነ ደራርቱ ቱሉ፥ እነ ቀነኒሳ በቀለ፥ እነ ጥሩነሽ ዲባባ ወጡ። ደራርቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1992 በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ካገኘች ወዲህ፥ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ የሚሮጠው ልጅ በዛ። እንዲህ ያለው ልጅ «ነገ ልምምድ አለብኝ» ሲል ማንም አይስቅበትም። እነሆ፥ እንቢታ አንድ ተጨማሪ ስም አገኘች። ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ሯጭ ያልሆነውስ? ሃይማኖቱ የማይከለክለውስ? ያልታመመውስ? እርሱ ዛሬም ምክንያት ፈላጊ ነው።

አዋጅ ይህን ሊያደርግልን አይችልም። አሜሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1920 እስከ 1933 መጠጥን በሕግ ከልክላ ነበር፤ ዳሩ ግን ሰዉ በጓዳ እየጠመቀ፥ ወንበዴውም በድብቅ እየነገደ ስላስቸገረ ሕጉን መልሳ ሻረችው። ሕግ ማስታወቂያን ይከለክላል፤ በዳስ ውስጥ ብርሌ ይዞ «በሞቴ» የሚለውን ወዳጅ ግን አይከለክልም። ያን የሚከለክለው ጨዋነት ብቻ ነው።

ወጣቶች ሆይ፤ በእናንተ ዘመን «በሞቴ» የሚለው ቃል የቀነሰ ሊመስላችሁ ይችላል። እኔ ግን ስሙን ለውጦ ነው የማየው። እናንተ በቡና ቤት ተሰብስባችሁ አንዱ ለሁሉም ያዛል፤ ቀጥሎ ሌላው ለሁሉም ያዛል፤ ተራው የደረሰው መክፈል ብቻ ሳይሆን መጠጣትም ግዴታው ይሆናል። ለስላሳ ያዘዘው «አካውንታንት» ወይም «ሽማግሌ» እየተባለ ይቀለድበታል። ቃሉ ቀርቶአል፤ ማስገደዱ ግን አልቀረም።

እንደዚሁም ሌላ ጥፋት እየመጣ ነው። መጠጥ የማይቀምስ ወጣት በዝቶአል፤ ይህ መልካም ነው። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ግን እኔ በልጅነቴ በእናቴ ቤት እንዳደረግሁት አፍንጫቸውን ይይዛሉ። ጠላ ሻጭዋን፥ ያቺን ልጆችዋን በጣሳ የምታሳድገውን ሴት፥ እንደ ኃጢአተኛ ያዩአታል። በዓል ቀን አንድ ጣሳ ጠላ ይዞ የሚጫወተውን ሽማግሌ ይንቁታል። አለመጠጣት አንድ ሰው ለራሱ የሚጠብቀው አጥር ነው እንጂ በሌላው ላይ የሚነሣ በትር አይደለም።

ስለዚህ ከዚህ ሁሉ የተማርሁትን በሦስት ነገር ልጠቅልል። አንደኛ፤ መጠጣት የማትፈልግ እንደ ሆነ አትዋሽ። ጨጓራህን አትክሰስ፤ መድኃኒትም አትፍጠር። «አመሰግናለሁ፥ አልጠጣም» በልና ፈገግ በል። ምክንያት ቢጠይቁህ «ስለማልጠጣ ነው» ማለት ይበቃል። ሁለተኛ፤ ጋባዥ የሆንህ እንደ ሆነ ምግቡን ሦስት ጊዜ ለምን፤ ይህ የአባቶችህ ወግ ነውና ጠብቀው። መጠጡን ግን አንድ ጊዜ ብቻ አቅርብ። ከጠጁ ጎን ብርዝ፥ ከጠላው ጎን ቀሪቦ አኑር፤ ለማይጠጣው እንግዳ የሚቀርበው ነገር በሌላው ፊት የሚያሳፍር እንዳይሆን ባማረ ዕቃ አቅርበው። ሦስተኛ፤ አንድ ሰው መዳፉን በብርሌው አፍ ላይ የጫነ እንደ ሆነ፥ ያ መዳፍ ምን እንደሚከድን አንተ አታውቅም። ምናልባት የሚከድነው የተመለሰች ሚስትን፥ የተረፈ ሥራን፥ አንድ ዓመት ከሁለት ወርን ሊሆን ይችላል። እጁን አታንሣበት።

ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ ይባላል። እኔም ነገሬን በምሳሌ ሳይሆን በሆነው ነገር ልጨርስ። ባለፈው ዓመት ያቺ በ1981 ዓ.ም. ክርስትና የተነሣችው ልጄ በተራዋ ወንድ ልጅ ወልዳ በ40 ቀኑ ድግስ አደረገች። እኔ ከዳሱ ጥግ ተቀምጬ ነበር። አንድ ወጣት እንግዳ ቢራ ሲቀርብለት «አልጠጣም» አለ። ከጓደኞቹ አንዱ «በሞቴ» ሊል አፉን ሲከፍት ልቤ ደነገጠች። ልጄ ግን ቀደመችውና «እሺ፥ ምን ላምጣልህ?» ብላ ብቻ ጠየቀች። ለምን አላለችም። ወጣቱም «ብርዝ ካለ» አለ። አመጣችለት፤ ጨዋታውም ቀጠለ።

ማንም ልብ አላለውም፤ የድግሱም ሙቀት ቅንጣት አልቀነሰም። እኔ ግን ጋቢዬን ወደ ፊቴ ሳብ አደረግሁት። ያን ሁሉ ዓመት ፈልጌ ያጣሁት ቃል ይህን ያህል አጭር መሆኑን ሳውቅ አዘንሁም፥ ደስም አለኝ። «እሺ፥ ምን ላምጣልህ?» ይህን ቃል ከእኔ ልጅ ተማሩት። እኔ የተማርሁት ዘግይቼ ነው፤ እናንተ ግን ገና ናችሁ።